ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፦ ለአጭር መንገድ ረጅም ቀን



ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የገባ ሰው ሁሉ እንጅባራንና ዳንግላን አልፏቸዋል። አይቷቸዋል ለማለት ግን አልደፍርም። ገና ሳይነጋ የተነሳው አውቶቡስ እንጅባራ ሲደርስ ተሳፋሪው ደክሞታል፤ ዳንግላ ሲደርስ ደግሞ ልቡ ቀድሞ ባሕር ዳር ገብቷል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት ነው፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን ሹፌር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። የተበደለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቶሎ ለሚያልቅ መንገድ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የለም።

እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህ መንገድ ለመሟገት ነው። አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል እላለሁ። ምክንያቴን አንድ በአንድ አቀርባለሁ፤ መንገድ ለመውጣት ለሚያስቡም፣ መቼና ከየት ተነስተው፣ የት ወርደው፣ ምን ጠይቀው እንደሚመለሱ የማውቀውን እነግራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሰላም ልናገር፤ ይህን ሳያነሱ ስለ አማራ ክልል መንገድ ማውራት ታዳሚን ማታለል ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ ብዙ ሰው በግጭቱ ተጎድቷል፤ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ቆይቷል። እንጅባራና ዳንግላ የሚኖሩ ሰዎች ለሐኪም፣ ለፈተናና ለለቅሶ እንኳ ለመሄድ የተቸገሩባቸው ቀናት ነበሩ። ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ ሥራ ስልክ መደወል ነው። ከዋዜማው ማታና ከመነሻው ጠዋት፣ ሁለቱንም ጊዜ፣ እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። ዘመድ የሌለው ሰው ሊያርፍበት ያሰበውን ሆቴል ይጠይቅ፤ መናኸሪያ ሄዶ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ያነጋግር። መኪና በሰላም እየተመላለሰ መሆኑን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። "ዛሬስ ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ሳትከራከሩ ቅሩ። የማወራላችሁ ሐይቅ ሌላ ቀንም እዚያው ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ደግሞ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማረፊያችሁ ግቡ። ማታ በዚህ መስመር ጋሪ አለ፣ መብራት የሌለው አይሱዙ ቆሞ ይገኛል፣ ከብት ያቋርጣል፤ ሰላም በሞላበት ዘመንም ቢሆን የሌሊት ጉዞ አልመክርም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ሁለቱ ከተሞች ያሉበት አገው ምድር ዝናብ የማይሰስትበት አገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ እንጅባራ ላይ ሰማዩ ሳይገለጥ ይውላል። የኔ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው፤ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይና ኑግ ሜዳውን ቢጫ ያደርጉታል፣ ጭቃው ደርቋል። ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ጥር ነው፤ ስለ ጥር ቆየት ብዬ እመለሳለሁ። በየትኛውም ወር ብትሄዱ ግን ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ብርዷ አጥንት ይሰብራል።

አሁን ወደ አቅጣጫው። ከባሕር ዳር የሚነሳ ሰው ዳንግላን በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛታል፤ እንጅባራ ደግሞ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ቅርቡን ከተማ አስቀድሞ እየቆመ ይሄዳል፤ እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ሩቁን አስቀድሙ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ መራዊን፣ ወተት ዓባይን፣ ዱርቤቴን፣ ዳንግላን ሳትቆሙ እለፉ፤ እንጅባራንም አልፋችሁ ዘንገና ላይ ብቻ ውረዱ። ከዚያ በኋላ ያለው የቀኑ ጉዞ ወደ ቤት መመለስ ይሆናል፤ ሰው ሲመሽበት ወደ ቤቱ እየቀረበ ቢሆን ይሻላል። ከዚህም በላይ መንገዱ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ቁልቁል ነው። ዳንግላ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ 400 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ደጋው እየተለወጠ ወይና ደጋ ሲሆን በመስኮት እያያችሁ መውረድ ትችላላችሁ፤ ድንቹና ገብሱ እያነሰ፣ ጤፉ፣ ዳጉሳውና በቆሎው እየበዛ፣ አየሩ እየሞቀ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን አስቆጥሯቸው፤ ክፍል ውስጥ በቃል የሸመደዱትን የአየር ንብረት ትምህርት በዓይናቸው ያዩታል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው 447 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ እንጅባራ ይገባል። እሱ በዚያ ቀን ምንም ለማየት አይሞክር። ይደር። ሲነጋ ጉዞውን ከዘንገና ይጀምር።

ዘንገና ከእንጅባራ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። የግል መኪና የሌለው ሰው ከእንጅባራ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ ይችላል፤ ታዲያ የመመለሻውን ዋጋ አብሮ ይነጋገር። ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ሐይቅ አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም። ኮረብታ ነው የሚታየው፣ ዛፍ የለበሰ ኮረብታ። ወደ ጫፉ ስትደርሱ መሬቱ ድንገት ወደ ውስጥ ይከፈትና ከታች ክብ ውኃ ታያላችሁ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ውኃው ላይ አንድ መስመር አይታይም፤ ዙሪያውን የቆመው ደን ከነቅርንጫፉ ተገልብጦ ይታይበታል። ጦጦች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ የሚያሰሙት ድምፅ ማዶ ደርሶ ይመለሳል።

ይህ ሐይቅ እንዲህ ክብ የሆነው በእሳተ ገሞራ ምክንያት ነው። ከምድር ውስጥ የወጣ የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም ከበላዩ ያለውን መሬት አፈንድቶ ጉድጓድ ይከፍታል። ጉድጓዱን በኋላ ውኃ ሞላው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ተለክቷል። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሐይቆቻችን በጥልቀታቸው ሲሰለፉ ሻላ በ266 ሜትር ይመራል፤ ይህ በእግር የሚዞር ትንሽ የአገው ሐይቅ ሁለተኛ ሆኖ ይከተለዋል። ዳገቱ ውኃው ሥር ሳይቀር ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ዳር ላይ ቆሞ እግር መታጠብ እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዋና የሚችልም ቢሆን አይግባ። ልጆችን በእጅ ያዙ።

እዚያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ጫፉን ይዛችሁ በእግር ዙሩት። ፎቶ አንስቶ በሩብ ሰዓት የሚመለስ ሰው ዘንገናን አላየውም፤ ጉሙ ሲነሳና ፀሐይ ውኃው ላይ ስታርፍ ቀለሙ ይለወጣል፣ ያን ለማየት መቀመጥ ያስፈልጋል። ያመጣችሁትን ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ። ይህን የምለው በልማድ አይደለም፤ ወደዚያ ሐይቅ ገብቶ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ የተጣለበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

አካባቢው ሌላም ሐይቅ አለው፤ ወደ ጥሊሊ በኩል ጥርባ የሚባለው። እሱም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ጊዜ የተረፈው ይየው፤ ለአንድ ቀን ዕቅድ ግን አንዱ ይበቃል።

ወደ እንጅባራ ተመለሱ። እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት፤ ብዙ ሰው ኮሶበር እያለም ይጠራታል። አማርኛና አውኚ ጎን ለጎን የሚነገሩባት፣ በስሟ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚሄደው መንገድ የሚነሳውም ከእሷ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲሚንቶና ብረት ጭነው ወደ ጉባ የሚወርዱ መኪኖች ለዓመታት በዚህች ከተማ መሐል ሲያልፉ ኖረዋል።

ከተማዋ የተቀመጠችበትን ቦታም ልብ በሉት። እዚህ ከፍታ ላይ የወረደ ዝናብ መንገዱ ብዙ ነው። በሰሜን በኩል የወረደው በግልገል ዓባይ ገብቶ ጣና ይደርሳል፤ ከጣና ወጥቶ ጢስ ዓባይን አልፎ ጎጃምን በሰፊው ይዞራል። በምዕራብ የወረደው በዱራ፣ በደቡብ የወረደው በፈጣም አድርጎ በአቋራጭ ዓባይ በረሃ ይገባል። አንድ ደመና ያወረደው ውኃ እንዲህ ተለያይቶ ሄዶ ጉባ ላይ ግድቡ ውስጥ ይገናኛል። ከእንጅባራ ወጣ ብላችሁ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስትቆሙ ይህን የሚነግራችሁ ሰሌዳ የለም። ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ከተማዋን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን ከሰሙ አንድ ሰሌዳ ብዙ አያስወጣም።

እንጅባራ ላይ መኪና አቁማችሁ በእግር እንድትሄዱ የምፈልገው ቀርከሃ የሚሠራበት ቦታ ነው። በዙሪያው ያለው የባንጃ ወረዳ ደጋ ቀርከሃ የታወቀ ነው፤ ጓሮው፣ አጥሩ፣ ቤቱ ሳይቀር ቀርከሃ የሆነ ገበሬ ብዙ ነው። መንገድ ዳር ወንበር፣ ሶፋ፣ መደርደሪያ፣ የልጅ አልጋ ተደርድሮ ይሸጣል። ባለሙያው ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ግንዱን በቢላ ከላይ ይነካዋል፣ ከዚያ በመዳፉ መታ ሲያደርገው እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ለወንበሩ ክንድ የሚሆነውን ቁራጭ እሳት ላይ እያገላበጠ ያሞቀዋል፤ ሲለሰልስ በጉልበቱ ያጎብጠውና እስኪበርድ ይይዘዋል። ከበረደ በኋላ ተመልሶ አይቃናም። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ቀርከሃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ገና ስላልጠነከረ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ዕቃ ስትገዙ ይህን ጠይቁ፦ ስንት ዓመት የቆየ ነው? ከተቆረጠስ ምን ያህል ደርቋል? እርጥብ የሆነ ቀርከሃ ዛሬ ያማረ ወንበር ሆኖ ከወራት በኋላ መገጣጠሚያው ይላላል። በመኪና የመጣ ሰው ዱካ ቢገዛ ከምንም በላይ ይጠቅመዋል፤ ቀላል ነው፣ ቦታ አይዝም፣ ለሠሪውም የዕለት ገቢ ነው።

አሁን ቃል ወደ ገባሁበት ጥር ልመለስ። የእንጅባራ ትልቁ ቀን ጥር 23 ነው። በዚያ ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ለማሰብ። ዓመቱን አስተውሉ። በ1932 ጣሊያን ገና አገር ውስጥ ነበር። ዓድዋን በፈረስ ማሰብ በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቀኑም የጊዮርጊስ ቀን ነው፤ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት እንደተገኘ ሁሉ።

ከየወረዳው የሚመጡት ፈረሰኞች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ፈረሱ ከሰውየው ይልቅ ያጌጠ ነው፤ ግላሱ በቀለም ያሸበረቀ፣ ከአንገቱና ከግንባሩ ላይ ጥለት የወረደለት፣ እርካቡና ልጓሙ የተወለወለ። ጉግሱ ሲጀመር ሜዳው ይንቀጠቀጣል። እኔን ግን ከጨዋታው በላይ የሚያስደንቀኝ ማኅበሩ በቀሩት የዓመቱ ቀናት የሚሠራው ሥራ ነው። አባል ሲሞት ፈረሰኞች ተሰብስበው አጅበው ይቀብሩታል፤ ሰርግ ያደምቃሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። ከፈረስ ግልቢያው በፊት አንድ ሽማግሌ አግኝታችሁ ስለዚህ ብትጠይቁ፣ ሜዳ ላይ የምታዩት ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። በዓሉን ለማየት የሚሄድ ሰው ማረፊያውን ቀደም ብሎ ይያዝ፤ በዚያ ሰሞን እንጅባራ አልጋ አይገኝባትም። በሌላ ቀን የሚሄድ ሰው ደግሞ ያጌጠ ፈረስ ባያይም ፈረስ አያጣም፤ በገበያ ቀን በየአቅጣጫው ሰው በፈረስ ይመጣል። ፎቶ ስታነሱ ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ለፎቶ ብላችሁ ካስጋለባችሁት ደግሞ የድካሙን ክፈሉ።

ምሳ እንጅባራ ብትበሉ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጾም መሆኑን አትርሱ፤ ሽሮና የደጋ ድንች ወጥ ታገኛላችሁ፣ የዚያ አገር ድንች ደግሞ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የበላው ያውቀዋል።

ከእንጅባራ ወጥታችሁ ወደ ዳንግላ ስትወርዱ መሐል ላይ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ አዲስ ቅዳም ናት። መንገደኛ ሁሉ የሚያልፋት ከተማ ናት፤ እኔ ግን ከመንገዱ ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ግራና ቀኝ ተመልከቱ። ቅጠሉ ላባ የመሰለ፣ ጥቅጥቅ ብሎ በእኩል ቁመት የቆመ ዛፍ ታያላችሁ። የተፈጥሮ ደን አይደለም። እርሻ ነው። ዛፉ ዲከረንስ ይባላል፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአዊ ደጋ በዝናብ ብዛት አፈሩ ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም እህል አልሰጥ ያለ ማሳ በዝቶ ነበር። የፋግታ ገበሬዎች መፍትሔውን በራሳቸው ማሳ ላይ እየሞከሩ አገኙት። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ሲዘሩ የዲከረንስ ችግኙን አብረው ይተክላሉ። ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በተከታዮቹ ዓመታት ዛፉ ሥር የበቀለው ሣር ለከብት ይሆናል፣ ይሸጣልም። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይሆናል። ከዚያ ማሳው እንደገና ይታረሳል፤ ሥሩ ናይትሮጅን የሚሰበስብ ዛፍ ስለሆነ፣ ከሰሉ የተከሰለበትም መሬት ስለሚለሰልስ፣ ጤፉ ከቀድሞው ተሽሎ ይበቅላል። እንደገና ችግኝ፣ እንደገና ዛፍ። የተፈጥሮ ደን እየጨፈጨፈ ከሰል የሚያከስል አገር ብዙ ነው፤ ዛፍ እየተከለ የሚያከስል ወረዳ ግን በኢትዮጵያ ብርቅ ነው። አዲስ አበባና ባሕር ዳር በየሰፈሩ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ከዚህ የመጣ አለ።

ከመንገዱ ዳር ጭስ ካያችሁ ውረዱና ባለቤቱን ሰላም በሉት። እንጨቱ ተከምሮ፣ ቅጠልና ሣር ለብሶ፣ በላዩ አፈር ተደምድሞበታል። ከሳዩ ሌት ተቀን አይርቀውም። ጭሱ ነጭና ወፍራም ሲሆን እንጨቱ ውኃውን ገና እያወጣ ነው፤ ሰማያዊና ቀጭን ሲሆን ከሰሉ ደርሷል። አፈሩ በአንድ በኩል ተደርምሶ አየር ከገባ የአምስት ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል። ለዚህ ነው ሰውየው እዚያው ጎጆ ቀልሶ የሚያድረው። ጭሱ ለሳንባው ጥሩ አይደለም፤ ያውቀዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን ዝገት የመሰለ የፈንገስ በሽታ መትቶታል፤ ያልደረሰ ዛፍ የደረቀበት ገበሬ ብዙ ነው። የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ስታዩ "ደን እያወደሙ ነው" ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ይህን አስቡ። አንድ ወረዳ ሙሉ ኑሮውን በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ማኖሩ ያሳስበኛል፤ ለዚህ መፍትሔ መፈለግ ያለበት ግን ገበሬው ብቻውን አይደለም፣ ተመራማሪውም፣ ከሰሉን የምንገዛው እኛም ነን።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተዘርግቶ ይወርድና ዳንግላ ትደርሳላችሁ።

ዳንግላ ዛሬ ሞቅ ያለች የንግድ ከተማ ናት። ትልቅ ቤተ መንግሥት ወይም የድንጋይ ግንብ ፈልጎ የሚሄድ ሰው አያገኝም። የዳንግላ ታሪክ በጆሮ የሚታይ ነው፤ አንብቦ ወይም ጠይቆ የሄደ ሰው ብቻ ያየዋል። ስለዚህ ከመድረሳችሁ በፊት መኪና ውስጥ የምታወሩትን ሁለት ታሪክ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቆንስላ ነው። እንግሊዝ በዚህች ከተማ ቆንስላ ነበራት። ለምን በዳንግላ ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ከጣና ያገኘዋል። በ1902 እ.ኤ.አ. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል እንግሊዞች በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ያለ እነሱ ፈቃድ ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ አስፈርመው ነበር። ሱዳን ውስጥ የጥጥ እርሻ እያስፋፉ ነበር፤ ለዚያ የተሠራው የሰናር ግድብ በ1925 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ መጣ፤ እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ቆየ። በበቅሎ ጣናን ዙሪያውን ዞረ፣ ደሴቶቹንና ገዳማቱን ጎበኘ፣ የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ካርታ አነሳ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ማለት ነው። የቺዝማን ካርታ ለማን ጥቅም እንደተነሳ መርሳት የለብንም፤ ያም ሆኖ የዚያን ዘመን አገው ምድርና ጣና ለማወቅ ዛሬም የሚነበብ ሥራ ነው። ዛሬ ጉባ ላይ ግድብ ከቆመ በኋላ ዳንግላ ላይ ቁጭ ብሎ የ1902ን ውል ማሰብ፣ ምን ያህል መንገድ እንደመጣን ያሳያል።

ሁለተኛው ታሪክ የነጻነት ጦርነቱ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን እንጅባራም ዳንግላም የጠላት ጦር የሰፈረባቸው ቦታዎች ነበሩ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከሱዳን ጎጃም ገባ፤ ሥራው ከጎጃም አርበኞች ጋር፣ ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ከደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጋር፣ መገናኘትና የንጉሡን መምጣት ማመቻቸት ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ መጡ። የኢትዮጵያና የሱዳን ወታደሮች ያሉበት፣ በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦር ከቆላው ወደ አገው ደጋ ወጣ። ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙት ከሱዳን የመጡ ግመሎች ነበሩ፤ ዳገቱንና ብርዱን አልቻሉትም፣ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ፤ ዛሬ ጠዋት እንጅባራ ላይ ጋቢ ያስለበሳችሁ ብርድ ያ ነው። አርበኛው ለዓመታት ሲያዳክመው የቆየው ጣሊያን፣ ይህ ጦር ሲቀርብ፣ በየካቲት 1933 ዳንግላን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ፤ እንጅባራንም ለቀቀ። የጌድዮን ጦር በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬ ወረደ። ንጉሡ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። እናንተ ዛሬ የምትሄዱበት መስመር ለዚያ ድል ከተከፈቱት የመጀመሪያ በሮች አንዱ ነበር። ዳንግላ ላይ ቡና ስትጠጡ ቡናውን ያፈላችላችሁን ሴት ወይም አጠገባችሁ የተቀመጡትን አባት ስለዚህ ጠይቁ። "አባቴ እንዲህ ይሉ ነበር" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስልካችሁ ላይ መቅጃ ካለ አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ያን ትውልድ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በየዓመቱ እያለፉ ነው፤ ያልተቀዳው አብሯቸው ይቀበራል።

ግሽ ዓባይን ለምን አላካተትክም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የዓባይ ምንጭ ሰከላ ውስጥ ነው፣ ከጥሊሊ ተገንጥሎ ይኬድበታል። አውሮፓውያኑ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሱበት ቦታ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ምእመናን ጠበል ብለው የሚሄዱበት የተቀደሰ ስፍራ ነው። በሩጫ የሚታይ አይደለም። የራሱን ቀን ስጡት። ከዘንገና ጋር በአንድ ቀን የሚያጣምሩት ሰዎች ሁለቱንም ሳያዩ ይመለሳሉ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። ውኃ፣ ብስኩት፣ ፍራፍሬ ከባሕር ዳር ጭኖ ሄዶ፣ እዚያ አንድ ብር ሳያወጣ የሚመለስ ጎብኚ አይቻለሁ። አይሁን። ድንቹን፣ ማሩን፣ ዱካውን እዚያው ግዙ፤ ዘንገና ላይ የሚመራችሁን የሰፈር ልጅ ዋጋ ቀድማችሁ ተስማምታችሁ ክፈሉት። የማር ነገር ደግሞ የቆየ ነው፤ ብሩስ በዘመኑ የአገው ማርና ቅቤ ለጎንደር ገበያ ይጫን እንደነበር ጽፏል። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ሲዘጋ ከሁሉ በላይ የተጎዱት እነዚህ በመንገደኛ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ቀኑን እንግዲህ በሰዓት ላስቀምጠው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከባሕር ዳር መነሳት፤ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ዘንገና፤ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ እንጅባራ፣ ቀርከሃና ምሳ፤ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ቁልቁል፤ አዲስ ቅዳም ዙሪያ አንድ ሰዓት፤ 8 ሰዓት ተኩል ግድም ዳንግላ። ዳንግላ ላይ ቡናው ሦስቱንም ስኒ፣ እስከ በረካው ይጠጣ፤ ጨዋታው ቢጥማችሁም ግን 10 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከዳንግላ ባሕር ዳር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይፈጅም፤ ወተት ዓባይ ላይ ድልድዩን ስትሻገሩ ገና ብርሃን አለ፣ ውኃውን ታዩታላችሁ። በ10 ሰዓት ያልተነሳ ሰው እዚያው ዳንግላ ይደር፤ ለቤተሰቡም ደውሎ ያሳውቅ።